አንድ መጽሐፍ ለሦስት

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። መንግሥት ከተቀየረ በኋላ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሁለተኛው ዓመት ይሁን ሦስተኛው ግን ብትሰቅሉኝ አልነግራችሁም። ሰው ዓመትን አጥብቆ የሚይዘው ልጅ ሲወልድ ወይም ወዳጅ ሲቀብር ነው፤ እኔ ደግሞ ያን ጊዜ አንዱም አልሆነልኝም፣ አልሆነብኝምም።

ነገሩ የመጣብኝ ባለፈው ሰሞን ነው። ከቀብሪበያ ወደ ጅግጅጋ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ የኋላ ጎማው ተነፈሰና መንገድ ዳር ካለ ጎሚስታ ቤት ቆምን። ተሳፋሪው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲበተን እኔ ጎሚስታው አጠገብ ቀረሁ፤ የድሮ ሙያዬ ስለሆነ ሰው ጎማ ሲሠራ ካየሁ አልፌ መሄድ አልችልም። ሰውየው ከመነዳሪውን ከጎማው ሆድ ስቦ አወጣ፣ ነፋስ ሞልቶ ውሃ ውስጥ ነከረ፣ ቀዳዳው በየት በኩል እንደሚያንኮራፋ ካየ በኋላ አደረቀው፣ በሞረድ ፋቀው፣ ማስቲሹን ቀባው። ሽታው ያኔ መጣ። የማስቲሽ ሽታ ለሌላው ሰው ራስ ምታት ነው፤ ለእኔ ግን ወጣትነቴ ነው፤ ከነአቧራው፣ ከነሻሂው፣ ከነሒሳብ ትምህርቱ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ምንም ያህል አልቀረኝም ነበር። አባቴ በጃንሆይ ዘመን ከጦር ጋር መጥቶ ጅግጅጋ የቀረ ወታደር ነው። እኔ እዚያው ተወለድኩ፤ ሶማሊኛውንም ከሰፈር ልጆች ጋር ስጫወትና ስደባደብ ከአማርኛው እኩል ለመድኩት፤ ትምህርቴን ግን ስምንተኛን እንዳለፍኩ ጦርነቱ አቋረጠብኝ። ከዚያ ወዲህ የማውቀው ጎማ ብቻ ነበር። ካራማራን ወርደው የሚመጡት፣ ከሀርሺን በግና ፍየል ጭነው የሚገቡት መኪኖች ሁሉ እኔ ዘንድ ቆመው ይሄዳሉ፤ እኔ ግን የትም አልሄድም። ጎማ ሥር ተጋድሜ የሌላውን ሰው መንገድ ስጠግን ስኖር አንድ ምኞት ብቻ ነበረኝ፤ ተነሥቼ መሪ መያዝ። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ልጠይቅ ብሄድ ዘጠነኛ ክፍልን ማለፌን የሚያሳይ ወረቀት አምጣ አሉኝ። እንግዲህ በዚያ ዕድሜዬ የማታ ተማሪ ሆንኩ።

የማታ ትምህርት ያላያችሁ ሰዎች ነገሩ አይገባችሁም። ቀን ቀን የልጆች የነበረው ክፍል ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ የእኛ ይሆናል። ፖሊሱ፣ ነጋዴው፣ የአራት ልጆች እናት፣ የቢሮ ጸሐፊው፣ ሁላችንም ጉልበታችንን አጣጥፈን በልጅ ወንበር ላይ እንደ ግመል ተንበርክከን እንቀመጣለን። የሒሳብ አስተማሪያችን በዕድሜ ከሁላችንም ያንስ ነበር፤ «ልጆች» ብሎ ይጀምርና አፍሮ «ይቅርታ፣ ወገኖች» ይለናል። የመጽሐፍ ነገር ደግሞ አይነሣ። የሒሳብ መጽሐፍ ለሦስት ሰው አንድ ነበር የሚሰጠው። ሁለት ሁለት ቀን በተራ ቤት እየወሰዱ ያጠናሉ፤ ሰባተኛዋ ቀን የማን ናት በሚለው ክርክር ዓመቱ ያልቃል።

በእኔ መጽሐፍ ላይ አስቴርና ሂቦ ደረሱኝ።

አስቴር እንደ እኔው የወታደር ልጅ ነበረች፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፕ ትመታለች። ቃል ስትናገር እንኳ ወረቀት የምታባክን ይመስል ቆጥባ ነበር። መጽሐፉ ከእሷ ወደ እኔ ሲያልፍ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ አስተማሪው የቆመበት ገጽ ላይ የክር ቁራጭ ገብቶበት ይመጣል። አስቴርን ባገባ ብዬ አስቤ አውቃለሁ፤ ሐሳቡም እንደ እሷው ጸጥ ያለ ስለነበር አንድም ቀን አላስቸገረኝም።

ሂቦ ሌላ ናት። ቤተሰቦቿ ሀርጌሳ ስትቃጠል ሸሽተው የመጡ ናቸው፤ ቀን ገበያ ውስጥ ከአክስቷ ጋር ጨርቅ ትሸጣለች። ረጅም ናት፣ ድምፅዋ ከቁመቷ ይረዝማል፣ ሒሳብ ላይ ደግሞ የሚችላት የለም። አማርኛዋ ያኔ ስብርብር ያለ ነበር፤ ለስድብ ሲሆን ግን አንድ ቃል አይጎድላትም።

የመጀመሪያው ተራዬ ደርሶ መጽሐፉን በመለስኩ ቀን ክፍሉ ፊት ከፍ አድርጋ ገለጠችው። በየገጹ ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ ጥቁር ማኅተም ሆኖ ተቀምጧል።

«ወገኖች!» አለች፣ አስተማሪውን እየመሰለች፤ «ይህ ሰው መጽሐፉን አነበበው ወይስ ለጠፈው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ታይር ሆነ፤ በሶማሊኛ ጎማ ማለት ነው። ስሙ እንኳ አልከፋኝም። በእኛ ከተማ ቅጽል ስም የሌለው ሰው የለም፤ የሚያነክሰው በማንከሱ፣ ግራኙ በግራኝነቱ ይጠራል፤ ሁሉም አቤት ብሎ ይዞራል። የከፋኝ የቀረው ነው። ወንበሬን በጨርቅ ጠርጋ «ጭነት ሊወርድ ነው» ትላለች። ወደ ጥቁር ሰሌዳ ስጠራ «ቀስ ብለህ ሂድ፣ ነፋስ እንዳታስወጣ» ትላለች። እጄን ለማንጻት በነጭ ጋዝ ታጥቤ የሄድኩ ቀን ደግሞ አፍንጫዋን በሻሽዋ ጫፍ ይዛ ተነሣችና፣ «ወላሂ፣ ማንም ክብሪት እንዳይጭር! ታይር ከነክፍላችን ሊያቃጥለን ነው!» ብላ አራት ልጆች የወለዱትን ሴትዮ ሳይቀር በሳቅ አንፈራፈረቻቸው።

እኔ አንገቴን ደፍቼ ዝም። እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነው፤ ሴት ብትሰድብህ አንገትህን ድፋ፣ ጨዋ ልጅ አይመልስም እያለች። እኔ ዝም ባልኩ ቁጥር ሂቦ ትብሳለች፤ በባሰች ቁጥር እኔ አንገቴን ዝቅ አደርጋለሁ። ሙክታር የሚባል ኮትና ሽቶ የማይለየው የቢሮ ጸሐፊ ግን ስትነካው አፍ ላፍ ይገጥማታል፤ እሷም ትስቃለች። ስለዚህ እሱን ትወደዋለች፣ እኔን ትጠላኛለች ብዬ ፋይሉን ዘጋሁት። የዘጋሁት ይመስለኝ ነበር እንጂ፣ ሥራ ላይ ሆኜ መኪና ሲቆም ቀና የምለው ረጅም ሴት ወርዳ እንደሆነ ለማየት ነበር። ሰው የሚሰድበውን ሰው እንዲህ ይናፍቃል ብሎ ማን ያምነኛል?

አንድ ቀን የፈተና ወረቀቴን ከእጄ ነጥቃ ከሃያው ሦስት ብቻ ማግኘቴን ጮክ ብላ አነበበች። እሱን አልቻልኩትም። ወጣሁ፤ ሦስት ቀንም ቀረሁ። መሪውም ይቅር፣ መንጃ ፈቃዱም ይቅር፣ ጎማዬ ይበቃኛል አልኩ።

በአራተኛው ቀን አስቴር ከሥራ ስትወጣ የፈረስ ጋሪዎቹ ከሚቆሙበት ጥግ አገኘችኝ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

«አንተ ሰው፣ ልጅቷን ለምን ትንቃታለህ?» አለችኝ።

«እኔ? አዋረደችኝ እኮ!»

«እኔ ቢሮ ውስጥ በየቀኑ የማየው ነው። ሶማሌዎቹ ዘንድ ሰው ሲነካ ይመልሳል። ዝም ካለ ‹አንቺን ከሰው አልቆጥርሽም› ማለቱ ነው። ሁለት ወር ሙሉ በርህን ስታንኳኳ አንተ ጨዋ ነኝ ብለህ ከውስጥ ቆልፈሃል።»

አስቴር በአንድ ጊዜ ያን ያህል ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። እኔ ጅግጅጋ ተወልጄ ያደግኩት ሰው ይህን ከእሷ መስማቴ አሳፈረኝ። ከወንዶቹ ጋር ስሆን አውቀዋለሁ፤ ስድብ ወርውረን፣ ስድብ ቀልበን፣ ሻሂ አብረን ጠጥተን እንለያያለን። ሴት ስትሆን ግን የእናቴ ሕግ ይገባና ምላሴን ያስረዋል። ሂቦ ደግሞ የእናቴን ሕግ ከየት ታውቀዋለች?

በማግስቱ ተመለስኩ። ገና በሩ ላይ ስታየኝ፣ «ወሪያ ታይር! ለመሆኑ ስምንተኛን ያለፍከው ነፋስ ተሞልተህ ነው እንዴ?» አለች።

ቀና ብዬ፣ «አዎ» አልኳት፤ «የሞሉኝም ካንቺ አፍ ነው። እኔን ሞልቶ ለሦስት ተሳቢ ተረፈ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪው ጠመኔውን ጥሎ ወደ ሰሌዳው ዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይታይ ነበር። ሂቦ ግን አልሳቀችም። ከዚያ ሻሽዋን ወደ ፊት ሳብ አደረገችና ቁጭ አለች፤ በሻሹ ጠርዝ በኩል የታየኝን ፈገግታ ዛሬም ቢሆን በመቶ ጎማ አልለውጠውም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት አጭር ነበሩ፤ ወይም ጥሩ ስለነበሩ አጠሩብኝ። አዴሯ፣ የአባቷ ወንድም፣ ጭነት መኪና ነበረው፤ ያ መኪና በዚያ ሰሞን ከከተማው መኪና ሁሉ ይበልጥ ጎማው ይተነፍስ ጀመር። እሷም ጎማው በደንብ መሠራቱን ልታይ ትመጣለች። አንድ ቀን እጄን በጋዝ ስታጠብ ደርሳ ጮኸችብኝ።

«ሞኝ! ጋዝ አይደለም። ስኳርና ዘይት ነው። ዘርጋ እጅህን!»

ዘረጋሁ። ከወረቀት ጥቅል ውስጥ ስኳር ከላይ ዘነበችልኝ፤ ከትንሽ ጠርሙስ ዘይት ጠብ ጠብ አደረገችበት። በእጇና በእጄ መካከል የአንድ ክንድ ያህል አየር ነበር፤ እሷም አላጎደለችው፣ እኔም አልደፈርኩትም። እያሸሁ ሳለ ጥቁሩ እየለቀቀ የገዛ መዳፌ ሲወጣ ሁለታችንም እንደ አዲስ ነገር ቆመን አየነው። «እይ፤ ሰው ነህ ለካ» አለችኝ፣ በቀስታ።

ሒሳቡን ታስረዳኛለች፣ አማርኛዋን አቀናላታለሁ፤ ሁለቱንም የምናደርገው እየተሰዳደብን ነው። ሙክታር ሽማግሌ ሊልክባት ነው ሲባል ሰምቼ ብጠይቃት፣ «ሙክታርማ ከሬዲዮ ሰምቶ ነው የሚመልሰው። አንተ ትቆያለህ፤ ስትመልስ ግን የራስህን ነው» አለችኝ። ይህን ሁሉ እየሄድኩ ለአስቴር እነግራታለሁ። ሂቦ እንዲህ አለች፣ እኔ እንዲህ አልኩ፣ ነገ ምን ብላት ይሻላል እያልኩ። አስቴር መጽሐፉን በላስቲክ እየጠቀለለች ታዳምጠኛለች። አንዳንዴ ትስቃለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የስኳሩን ነገር ስነግራት፣ የምትጠቀልለው ላስቲክ ከእጇ ወደቀ፤ እኔ አነሣሁላትና ወሬዬን ቀጠልኩ። አይ እኔ!

ስለ ወደፊቱ ግን ከሂቦ ጋር አንድም ቀን አላወራንም። እሷ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን፤ የእሷ ሰዎች ሀርጌሳን እያሰቡ የሚኖሩ፣ የእኔ እናት በየወሩ ሚካኤል ደጅ የምትቆም። ማንም ተው አላለን። የሚከለክለን ሰው ቢኖር እኮ ቢያንስ ተጣልተን ነገሩ ይወጣ ነበር። ሁሉም እያየ ዝም አለ፤ እኛም ስለሌላው ሁሉ እየተሰዳደብን በዚህኛው ላይ ብቻ ዝም አልን።

የዓመቱ መጨረሻ ፈተና አንድ ወር ሲቀረው አዴሯ መኪናውን ይዞ መጣ። ጠዋት ነበር፤ ያ የጅግጅጋ ነፋስ አቧራውን እያነሣ ፊት ላይ ይበትናል። መኪናው ላይ ፍራሽ፣ ድስት፣ የጨርቅ ጥቅል፣ የቤት ዕቃ ሁሉ ተጭኗል። ሀርጌሳ ተረጋግቷል ተብሎ ቤታቸውን ሊያቀኑ እየተመለሱ ነበር። ሂቦ ከአክስቷ ጋር ጋቢና ውስጥ ተቀምጣለች። ነገሩ የተቆረጠው በዚያው ሳምንት እንደሆነ በኋላ ሰማሁ። አዴሯ ጨዋ ሰው ነው፤ እንደ ሁልጊዜው በስሜ ጠራኝ። «ታደሰ ወንድሜ፣ መንገዱ ሩቅ ነው፤ የኋላውን አደራ» አለኝ።

ሠራሁት። ከመነዳሪውን ሦስት ጊዜ ውሃ ውስጥ ነከርኩ። ሁለት ቦታ ለጠፍኩ፤ ያን ያህል ቀስ ብዬ የሠራሁት ሥራ በዕድሜዬ የለም። ጎማውን አስሬ ቀና ስል ሂቦ ወርዳ ፊቴ ቆማለች። አዴሯ አጠገባችን ነው፣ አክስቷ ከመስኮት ታያለች።

«ታይር» አለችኝ፤ ድምፅዋ እንደ ወትሮው ከፍ ያለ ነው፣ ዓይኗ ግን ሌላ ነው፤ «ደህና አድርገህ ሠርተኸዋል? መንገድ ላይ ከፈነዳ ተመልሼ እመጣብሃለሁ።»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። «እንዲፈነዳ አድርጌ ነው የሠራሁት» ማለት ብቻ ነው። አራት ቃል። ሰው ፊት የሚባል ቀልድ ነው፤ አዴሯም ይስቅ ነበር፣ እሷም ይገባት ነበር። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ ምናልባት ምንም አይሆንም ነበር። ቢያንስ ግን ሰምታው ትሄድ ነበር። እኔ ግን አዴሯን አየሁ፣ ፍራሹን አየሁ፣ እናቴ ትዝ አለችኝ። አንገቴን ደፋሁና «በሰላም ግቡ» አልኩ።

ትንሽ ጠበቀች። የእኔ መልስ እንደሚዘገይ ታውቃለች። ከዚያ ጋቢናው ላይ ወጥታ በሩን ዘጋችው።

ጎማው አልፈነዳም። የመኪናው ሾፌር በሳምንቱ ሲመለስ ሀርጌሳ ድረስ ነፋስ እንኳ እንዳልጎደለው ነግሮ አመሰገነኝ።

ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱ ደጅ አልደረስኩም። ወንበሯን ባዶ ሆኖ ማየት ፈራሁ። ምግብ አስጠላኝ፤ ሰው ሲያናግረኝ ሁለቴ ካልደገመ አልሰማም። ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አስቴር ሥራ ቦታዬ መጣች። በጠራራ ፀሐይ፣ የምሳ ሰዓቷን ይዛ። ሴት ልጅ ብቻዋን ጎሚስታ ቤት መጥታ አሮጌ ጎማ ላይ ስትቀመጥ የሾፌሮቹ ዓይን ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፤ እሷ ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠችና መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው።

«ተራህ ነው» አለችኝ።

«ተራዬ አልፏል፤ ያንቺ ነው።»

«የእኔም ያንተ ነው። የሷም ያንተ ነው። ና ቁጭ በል።»

ስለ ሂቦ አንዲት ቃል አላነሣችም፤ አይዞህም አላለችኝም። በየቀኑ ምሳዋን ትታ እየመጣች፣ እንደ ሂቦ ሳትጮህ፣ ያልገባኝን አምስት ጊዜም ቢሆን ሳትሰለች ትደግምልኛለች። እሷ ራሷ መቼ እንደምታጠና አልጠየቅኳትም። ፈተናውን አለፍኩ፤ እሷም አለፈች፣ ግን ሁልጊዜ ከምትሆንበት ከላይኛው ተርታ ወርዳ ነበር። ክረምቱ ሳይገባ ወደ ድሬዳዋ ተዛወረች፤ እዚያም አገባች አሉኝ። ስትሄድ መጥታ ተሰናበተችኝ። «ለዝውውሩ እንኳን ደስ ያለሽ» አልኳት፤ በሙሉ ልቤ፣ እንደ እህቴ ቆጥሬ። ምን እንደሸኘሁ የገባኝ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ መሪ ጨብጬ ብቻዬን በአይሻ በረሃ ስነዳ ነው።

እነሆ ዛሬ አርጅቻለሁ። ያ ክፍል ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል፤ ዛሬ ተማሪው ሁሉ የየራሱ መጽሐፍ አለው፣ በየስልኩም ያነባል፤ መልካም ነው። ግን አንድ መጽሐፍ ስለሆነ ብቻ ሦስት ሰው ዓመት ሙሉ ሲፈላለግ፣ አንዱ የሌላውን አሻራ እየገለጠ ሲያነብ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ሂቦን ያጣኋት መናገር ሲገባኝ ዝም ስላልኩ ነው። ሌላኛዋን ያጣኋት ዝም ማለት ሲገባኝ ስለተናገርኩ ነው። ከወጣትነት የቀረብኝን ስመዝነው ሁለቱ እኩል ይሆኑብኛል፤ አንዳንድ ቀን እንዲያውም የሁለተኛዋ ይከብደኛል። ድሬዳዋ ስንት ጊዜ ጭኜ ገብቻለሁ፤ ቤቷ የት ነው ብዬ አንድ ሰው ጠይቄ አላውቅም።

ወዳጆቼ ስለዚያ ዘመን አጫውተን ሲሉኝ የማወራላቸው ስለዚያች ረጅም ተሳዳቢ ልጅ ነው፤ እሷ ታስቃለች። ያን ክፉ ወር እጄን ይዞ ያሻገረኝ ሰው ማን ነው ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። ቢጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ። አስቴር ናት።